ፏፏቴው ለክረምት፣ ተራራው ለበጋ፦ ድንኳን ይዘን ከጢስ ዓባይ እስከ ስሜን



የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ በየዶርሙ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «እረፍቱን የት እንውጣ?» በስልካችን የምናያቸው የድንኳን ጉዞዎች በአብዛኛው የሌላ አገር ናቸው። እዚያ ረጅሙ እረፍት የሚውለው ፀሐይ በበረታበትና መሬት በደረቀበት ወቅት ነው። የእኛ ረጅም እረፍት ግን ክረምት ላይ ይውላል። ሐምሌና ነሐሴ በጣና ዙሪያም ሆነ በስሜን ተራሮች ዝናቡ የሚጠነክርባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ሐይቁንና ተራራውን በአንድ መንገድ ማየት የምንፈልግ ሁሉ «የት?» ከማለታችን በፊት «መቼ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

መልሳችን አጭር ነው፤ ፏፏቴውን በክረምት፣ ተራራውን በበጋ። ምክንያቱን መንገዱን እየተከተልን እናስረዳለን።

ጢስ ዓባይ፦ ክረምት የሚያምርበት

ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ሄዶ «ጢስ ዓባይ የሚባለው ይኸው ነው?» ብሎ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ሁለቱም የሚሠሩት ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በሚሄድ ውሃ ነው። ከሐይቁ የሚወጣውንም ውሃ የጨራጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል። በደረቁ ወራት ለፏፏቴው የሚተርፈው ጥቂት ሲሆን ገደሉ ራቁቱን ይቀራል። ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ግን ሐይቁም ወንዙም ስለሚሞሉ ጢሱ ከሩቅ ይታያል።

ለዚህ ጉዞ ድንኳን አያስፈልግም፤ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ይቻላል። የሚያስፈልገው የማያዳልጥ ጫማና የዝናብ ልብስ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል የሚወስደው የእግር መንገድ ጭቃ ይሆናል። ወንዙ በሞላበት ቀን በጀልባ ከመሻገር በዚህ መንገድ ሄዶ በዚያው መመለስ ይሻላል። ለፎቶ ብሎ ወደ ገደሉ ጫፍ መጠጋትም አይገባም፤ ሣሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

የጣና ዳር፦ ከውሃው ራቅ ብሎ ማደር

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚኖሩት ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ነገደ ወይጦ፣ ከደንገል ታንኳ የመሥራት ሙያን እስከ ዛሬ አቆይተዋል። ስለ ሐይቁ ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ከእነርሱ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

በሐይቁ ዳር ድንኳን መትከል የሚፈልግ ሦስት ነገሮችን ይወቅ። አንደኛው ጉማሬ ነው። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ግን ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ድንኳኑን ከዳሩ አርቀን፣ ለአካባቢው ነዋሪዎች አስፈቅደን፣ ቤት ባለበት አቅራቢያ እንትከል። ሁለተኛው ወባ ነው። ከዝናቡ ማብቂያ ጀምሮ ስለምትበረታ አጎበር መያዝ ግድ ነው። ሦስተኛው ብልሃርዝያ ነው። ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ በዳርቻው ውሃ መዋኘት ብቻ ሳይሆን እግርን ነክሮ ዉዱእ ማድረግም ያጋልጣል። ለዉዱእ የሚሆን የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ከከተማ ይዘን እንውጣ።

ፎገራ፦ ተራራው ወደ ሐይቁ የሚወርድበት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንሄድ ሐይቁ በግራችን ይሆናል። ሐሙሲትን አልፈን ወረታ ስንደርስ የሩዝ ማሳ የሞላበት የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። መንገዱ እዚህ ጉማራንና ርብን ይሻገራል። ሁለቱም ከጉና ተራራ ወርደው ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ጢስ ዓባይ ላይ ያየነው ውሃ ከፊሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጉና ላይ የዘነበው ሜዳው ላይ ሲደርስ የሚያደርሰውን ጉዳት የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ተጥለቅልቀው ነበር። እኛ የቆምንበት ቦታ ሳይዘንብ፣ ላይ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ በክረምት ወንዝ ዳር ድንኳን አይተከልም። መንገድ ላይ የሚፈስ ጎርፍ ሲያጋጥምም ሹፌሩን «ግፋ፣ እንለፍ» ከማለት ጎድሎ እስኪያልፍ መጠበቅ ይበጃል።

ስሜን፦ ለድንኳን የተዘጋጀ ቦታ፣ ለክረምት ግን ያልሆነ

ጎንደር ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደባርቅ ደግሞ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ደባርቅ ነው። የመግቢያ ፈቃድ የሚወጣውም፣ አብሮን የሚጓዘው የታጠቀ ጠባቂ የሚመደበውም እዚያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1996 «አደጋ ላይ ያሉ» ከሚባሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ የሚታዩት እዚህ ነው። የታወቁት የማደሪያ ካምፖች ሳንቃበር (3,250 ሜትር)፣ ግጭ (3,600 ሜትር) እና ጨነቅ (3,620 ሜትር) ናቸው። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ከባሕር ዳር 1,800 ሜትር ጋር እናነጻጽራቸው። ወደ ላይ በወጣን በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጨነቅ ከባሕር ዳር በ12 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ደረቅ ብርድን በጋቢና በጥሩ ስሊፒንግ ባግ መቋቋም ይቻላል። በክረምት ግን ልብሱም ድንኳኑም ይርሳል፤ የረጠበ ልብስ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ያሟጥጣል። ጉሙ ሲወርድ የገደሉ ጫፍ አይታይም፤ መብረቅም በገላጣው ሜዳ ላይ አደገኛ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን የምናየው ጉም ብቻ ሊሆን ይችላል። በመንፈቀ ዓመቶቹ መካከል የምናገኘው አጭር እረፍት ብዙ ጊዜ የሚውለው በበጋ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ሰማዩ የጠራ፣ መሬቱም የደረቀ ስለሆነ ተራራውን ለዚያ ጊዜ ማቆየት ይሻላል።

በበጋም ቢሆን ሁለት ነገሮች አይዘነጉ። የመጀመሪያው ከፍታው ነው። በአንድ ቀን ከባሕር ዳር ተነስቶ ጨነቅ ማደር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ ይችላል። አንድ ሌሊት ጎንደር ወይም ደባርቅ፣ ቀጥሎ ሳንቃበር፣ ከዚያ ወደ ላይ ማለት ይመከራል። የታመመ ሰው ካለ መድኃኒቱ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውረድ ነው። ሁለተኛው ከሰል ነው። ብርዱ ሲጠና ፍም ድንኳን ውስጥ ማስገባት ያጓጓል፤ ነገር ግን ሽታ የሌለው ጭሱ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ፍም ከድንኳን ውጭ ይቅር።

ሶላታችን በመንገድ ላይ

በሻፊዒ መዝሀብ ሶላት ለማሳጠር የሚያበቃው የጉዞ ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር የሚኖር ተማሪ ጢስ ዓባይ ደርሶ ሲመለስ ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል። ወደ ጎንደርና ደባርቅ ሲሄድ ግን ከከተማው ከወጣ በኋላ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ ማድረግ፣ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ጋር ማጣመርም ይችላል። መግሪብና ሱብሒ አያጥሩም። በሐነፊ መዝሀብ የማጣመሩ ጉዳይ ስለሚለይ የመዝሀቡ ተከታዮች ከመነሳታቸው በፊት ኡስታዛቸውን ይጠይቁ። የግዴታ ሶላት ወርደን የምንሰግደው ስለሆነ የሚኒባሱን ሹፌር መቆሚያ ቦታዎቹን ገና ስንነሳ እናስማማው።

ቂብላን ለማወቅ በዚህ መንገድ ብዙ አንቸገርም። መካ ከባሕር ዳርም ከደባርቅም ስትታይ በስተ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ናት። በተራራው ብርድ ደግሞ ሙሳፊር በኹፍ ላይ ለሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ መቻሉ ትልቅ እፎይታ ነው። ምድጃ ካለን ውሃ ማሞቅ ስለምንችል ውሃው ስለቀዘቀዘ ብቻ ወደ ተየሙም አንሄድም።

ከመውጣታችን በፊት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩት ሦስት ሆነን ስንጓዝ እንኳ አንድ አሚር እንምረጥ። የአሚሩ ትልቁ ሥራ «ዛሬ አንሄድም» ማለት መቻል ነው። የመንገዱን ሰላም ባለፈው ሳምንት ወሬ ሳይሆን በዚያው ጠዋት፣ ከምንደርስበት ከተማ ሰው ደውሎ ያጣራ። ካልተረጋጋ ጉዞው ይዘግይ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ብዙኃኑ ሊቃውንት ለሴት ልጅ የሰፈር ጉዞ መሕረም ስለሚጠይቁ፣ ወደ ስሜን መሄድ የሚፈልጉ እህቶች ከአባት ወይም ከወንድም ጋር ቀድመው ቢያቅዱ ይቀላል። መሕረም ለሌላት እህት ደግሞ የሰፈር ርቀት የማይሞላው የጢስ ዓባይ የቀን ጉዞ ከእህቶች ቡድን ጋር ጥሩ አማራጭ ነው።

ለስንቅ ቆሎ፣ በሶና ሽሮ ይበቃናል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የክርስቲያን ወገኖቻችን የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በመንገዱ ያሉ ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ በብዛት ያዘጋጃሉ፤ የሥጋውን ጉዳይ ለምንጠነቀቅ ለእኛም ይመቸናል። ያወጣነውን ቆሻሻ ሰብስበን እንመለስ፤ የላስቲክ ከረጢት ይዞ መውጣት ዋጋው ትንሽ ነው።

ለዘንድሮ ክረምት እንግዲህ የነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ለጢስ ዓባይ ይበቃል። ድንኳኑን ለበጋ እናስቀምጠው፤ እስከዚያ ገንዘቡን እያጠራቀምን፣ መሕረም የሚያስፈልጋቸው እህቶችም ከቤተሰብ ጋር እየተማከሩ ይቆዩ። አላህ ጉዞአችንን የሰላም ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።