መድኃኒት የምንለው መርዝ

ገበሬ «ማሳዬ ላይ መድኃኒት ረጨሁ» ሲል የሚሰማው ሰው ግር አይለውም። ተባይ የሚገድለውንም በሽተኛ የሚያድነውንም በአንድ ስም መጥራት ለምደናል። ስሪላንካውያን ግን ይህ የማሳ «መድኃኒት» ስንት ሰው እንደገደለ ከሞት መዝገባቸው ላይ ለማንበብ ተገደዋል።

ደሴቲቱ በ1950 ገደማ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ራሱን የሚያጠፋ ሰው የማይበዛባት አገር ነበረች። በ1995 ግን ቁጥሩ ስምንት እጥፍ ያህል አድጎ ከ100 ሺህ ሰው 47 ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ከነበሩት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ሕዝቡ በድንገት ኀዘንተኛ ሆኖ ነው? በመካከሉ የገቡት ምርጥ የሩዝ ዘርና ማዳበሪያ ናቸው፤ ከእነሱም ጋር ፀረ-ተባይ ኬሚካል ወደየገበሬው ቤት ገባ።

በእነዚያ ዓመታት ማይክል ኤድልስተን የተባለ እንግሊዛዊ የሕክምና ተማሪ ስለ እባብ ንድፊያ ሊያጠና በስሪላንካ ወደሚገኘው የአኑራዳፑራ ሆስፒታል ሄደ። አልጋዎቹን ያጨናነቁት ግን እባብ የነደፋቸው ብቻ አልነበሩም፤ በፀረ-ተባይ የተመረዙም ነበሩ፤ ኋላ ሙሉ ሥራው የሆነው የእነሱ ጉዳይ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ከሞት የተረፉትን ሲጠይቁ፣ ግማሽ ያህሉ ከውሳኔ እስከ ድርጊት የቆዩት ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ እንደሆነ ተረዱ። ብዙዎቹ በቤት ውስጥ ጠብ የተቆጡ ወይም የተዋረዱ ሰዎች ነበሩ። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» እንደምንለው፣ ያ ሰዓት ቢያልፍላቸው ብዙዎቹ ሐሳባቸው በተለወጠ ነበር።

ስሪላንካ በ1980 የፀረ-ተባይ ቁጥጥር ሕግ አውጥታ ነበር። በዚያ ሕግ ተመርኩዛ በ1984፣ በ1995፣ በ1998፣ ኋላም ከ2008 ጀምሮ ሰው ላይ የከፉትን ኬሚካሎች እየመረጠች ከገበያ አወጣች። እስከ 2015 በነበሩት ሃያ ዓመታት ራስን የማጥፋት ሞት በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ተመራማሪዎች የተረፈውን ሕይወት 93 ሺህ ገደማ አድርገው ይገምታሉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ራሳቸውን ጎድተው ሆስፒታል የሚገቡት ሰዎች ቁጥር አብሮ አለመውረዱ ነው። ጭንቀቱም ጠቡም ባለበት ነበር። የተለወጠው፣ በዚያች ክፉ ሰዓት እጅ የሚገባው ነገር ሐኪም እስኪደርስ ጊዜ የሚሰጥ መሆኑ ነው።

«ከማገድ ይልቅ ቆልፎ ማስቀመጥ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። በ180 መንደሮች በተካሄደ ሰፊ ጥናት ግማሾቹ መንደሮች ለየቤቱ የሚቆለፍ ሣጥን ተሰጣቸው፤ ውጤቱ በ2017 ሲታተም ሣጥኑ ጉዳቱን እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። እኔ ብዙም አልደነቀኝም፤ ቁልፉ ያለው እዚያው ቤት ነው። ሱቅ ውስጥ የሌለ ዕቃ ግን ቁልፍ አያስፈልገውም።

«አዝመራው ይቀንሳል» የሚለው ስጋትም ተፈትሿል። ከእገዳዎቹ ጋር ተያይዞ የሩዝ ምርት ሲወድቅ አልታየም፤ ከገበያ የወጡት ኬሚካሎች ምትክ ነበራቸውና። ይህን ግን መንግሥት በ2021 ማዳበሪያውንም ፀረ-ተባዩንም በአንድ ጀምበር ከከለከለበት ውሳኔ ጋር መቀላቀል አይገባም። ያኛው አዝመራውን ጎድቶ በወራት ውስጥ ተሽሯል።

እገዳው ብቻውን ሁሉንም ሠራ ማለት አይደለም። ሱሚትራዮ የተባለው የበጎ ፈቃድ ድርጅት ከ1974 ጀምሮ የተጨነቁትን ሲያዳምጥ ኖሯል። በ1998 ደግሞ ራስን የማጥፋት ሙከራን የሚያስቀጣው ሕግ ተሻረ። ከዚያ በፊት ከሞት አምልጦ የነቃ ሰው በሕግ ዓይን ወንጀለኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ታማሚ ብቻ ነው። ከአልጋው አጠገብ የተቀመጠ ዘመድም ሆነ ነርስ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ነበር?» ብሎ በግልጽ ሊጠይቀው ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሐሳቡን በሰው ልብ ይዘራል የሚለውን የቆየ ፍርሃት ጥናቶች አልደገፉትም።