ኤምፒስሪና የጸናጽል ድምፅ

ኤምፒስሪ በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ያሉት የፍራውንሆፈር ተቋም ሊቃውንት ከሌሎች ጋር የደረሱት፥ ድምፅን በአኃዝ አሳንሶ የመጻፍ ጥበብ ነው፤ የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 1,411 ኪሎ ቢት ሲፈጅ እርሱ በ128 ይብቃቃል። የፓተንት መብት ስለነበረበት ማጫወቻ ሠሪዎች ለባለመብቶቹ ይከፍሉ ነበር፤ የፈቃዱም ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀረ።

እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ግን፥ የዚህ ጥበብ ደንብ በጥብቅ የወሰነው የማጫወቻውን ሥራ እንጂ ድምፁን አሳንሶ የሚጽፈውን የኢንኮደሩን ሥራ አለመሆኑ ነው። ማጫወቻው የተጻፈለትን ብቻ ይፈታል፤ የትኛው ድምፅ ይጠበቅ፥ የትኛው ይጣል ብሎ የሚፈርደው ኢንኮደሩ ነው። ስለዚህ ከ20 ዓመት በፊት የተገዛ የመኪና ቴፕ፥ ትናንት በተሻለ ኢንኮደር የተዘጋጀ ፋይል ቢሰጡት፥ አንዲት ብሎን ሳይለወጥለት ከቀድሞው የጠራ ድምፅ ያሰማል።

የፍርዱ መሠረት የጆሮ ጠባይ ነው፤ ጆሮ ከጎላ ድምፅ አጠገብ ያለውን ደካማ ድምፅ አይለይምና ያ ደካማው ይጣላል። ጸናጽል ግን ይህን ጥበብ ክፉኛ ይፈትነዋል። ኢንኮደሩ ድምፁን በ1,152 ናሙና፥ ማለትም በ26 ሚሊሴኮንድ ስፋት ሲመዝን፥ ከማሳነሱ የሚመጣው ስሕተት በስፋቱ ሁሉ ስለሚበተን፥ ጸናጽሉ ገና ሳይመታ አስቀድሞ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ብልህ ኢንኮደር ምቱን አይቶ ይህን ስፋት በሦስት እጅ ያሳጥረዋል፤ ሰነፉ ግን መስከረም 16 ቀን ለደመራ በመስቀል አደባባይ ጥርት ብሎ የተሰማውን ጸናጽል እንደ አሸዋ ያንሿሿዋል።

አንድ ጊዜ ከዚያው አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በታክሲ ስሄድ እንዲህ የደፈረሰ መዝሙር ሰምቼ ሾፌሩን ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ባለ 128 ነበር፤ ወደ 320 አስቀይሬ ነው ያስጫንኩት፤ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው» አለኝ። ወዲያው በዚያው ቴፕ፥ በዚያው ስፒከር፥ ከዚያው ፍላሽ ቀጥሎ የመጣው መዝሙር ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ሙዚቃ የምታስጭኑ ሁሉ ይህን ልብ በሉ፦ ከ128 ወደ 320 የተቀየረ ፋይል የፍላሹን ቦታ ያጣብባል እንጂ አስቀድሞ የተጣለውን ድምፅ አይመልስም፤ እንዲያውም ሁለተኛ ፍርድ ስለሚያልፍበት ጥቂት ይጎዳል። ዋናውን ሲዲ ጠብቁት፤ ከእርሱም አንድ ጊዜ ብቻ፥ በጥሩ ኢንኮደር አስቀዱ፤ ስፒከሩንም ከመውቀሳችሁ በፊት ፋይሉ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።