የአንዲት «ር» ጉዞ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1962 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ ሚሳይል መትከሏን በቴሌቪዥን ለሕዝባቸው አስታወቁ። የደሴቲቱን ስም ግን አብዛኛው አሜሪካዊ እንደሚለው «ኪዩባ» ሳይሆን «ኪዩበር» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ኬኔዲ የቦስተን አካባቢ ሰው ናቸው፤ ቦስተኖች ደግሞ መኪናን «ካር» ሳይሆን «ካ» በማለት ይታወቃሉ። ታዲያ ከሌላው ቃል የሚውጧትን «ር» እዚህ ከየት አመጧት?

በቦስተን ዘዬ የቃል መጨረሻ «ር» ትዋጣለች፤ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ግን ትመለሳለች። ምላስ ይህን ከለመደ በኋላ፣ «ር» ኖሯቸው በማያውቁ እንደ «ኪዩባ» ባሉ ቃላት ላይም ይጨምራታል።

ልማዱ ሥሩ እንግሊዝ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ «ር»ን መዋጥ እየተስፋፋ ሄደ። ከለንደን ጋር በንግድ የተሳሰሩት ቦስተን፣ ኒው ዮርክና ቻርልስተን የመሰሉ የወደብ ከተሞችም ተከተሉ። ፊላደልፊያ ግን «ር»ን አልለቀቀችም። ከሰሜን አየርላንድ መጥተው በአፓላሺያ ተራሮች የሰፈሩትም እንደያዟት ቀሩ። የየአካባቢው ልጆች ደግሞ አነጋገርን በአብዛኛው የሚወርሱት ከእኩዮቻቸው ስለሆነ፣ ሰፋሪዎች ያመጡት ዘዬ በየሰፈሩ ሥር ሰደደ።

በአደባባይ ንግግር የ«ር» ዕጣ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በኒው ዮርክ ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 በዓለ ሲመታቸው ላይ ፍርሃትን «ፊር» ሳይሆን «ፊያ» ሲሉ፣ አነጋገሩ የተማረና የጨዋ ሰው ምልክት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ክብሩ «ር»ን አጥርቶ ወደሚጠራው ዞረ።

ኬኔዲ በተናገሩ በሳምንታት ውስጥ፣ ኖቬምበር 1962፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዊልያም ላቦቭ ይህንኑ ኒው ዮርክ ውስጥ ፈተነ። በሦስት ትላልቅ መደብሮች እየዞረ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ዕቃ የት እንደሚገኝ ሻጮችን ጠየቀ፤ መልሱ «ፎርዝ ፍሎር» ሲሆን ሁለት «ር» አለው። ሀብታሞች በሚገበያዩበት ሳክስ ከ100 ሻጮች 62ቱ ቢያንስ አንዴ «ር»ን ሲያሰሙ፣ በመካከለኛው ሜሲስ 51 ሆኑ፤ በርካሹ ክላይን ግን 20 ያህል ብቻ ነበሩ።

የአድማጭ ፍርድ የተናጋሪን አፍ እስከ መለወጥ ይደርሳል። በሳውዝ ካሮላይና ያደገው ኮሜዲያን ስቲቨን ኮልበርት፣ ቴሌቪዥን የደቡብ ሰዎችን ሞኝ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ በልጅነቱ የዜና አንባቢዎችን አነጋገር እየኮረጀ የራሱን እንደተወ ተናግሯል። ጂሚ ካርተር በበኩላቸው የጆርጂያ ዘዬያቸውን ይዘው ዋይት ሀውስ ገብተዋል።

ስለዚህ አንድን ተናጋሪ በዘዬው ብቻ አላዋቂ ከማለታችን በፊት ሩዝቬልትንና የክላይንን ሻጭ እናስታውስ፤ ሁለቱም «ር»ን ይውጡ ነበር።