ሞቶ ወይስ ተኝቶ? የ‘ክላውን ሎች’ ዓሣ ግራ አጋቢ ባሕርያት

ማለዳ ተነሥቶ በመስታወት ገንዳው ውስጥ በጎኑ የተጋደመ ዓሣ ያገኘ ሰው፣ ሞቷል ብሎ ቢያወጣው አይፈረድበትም። ዓሣው ‘ክላውን ሎች’ ከሆነ ግን መቸኮል አይገባም። በኢንዶኔዥያ ሱማትራና ቦርኒዮ ወንዞች የሚገኘው ይህ ብርቱካናማ፣ ባለ ሦስት ጥቁር መቀነት ዓሣ ሲያርፍ በጎኑ የመተኛት ልማድ አለው።

በቅድሚያ መታየት ያለበት የሚተነፍስበት ስንጥብ ነው። ክዳኑ በዝግታ እየተከፈተ የሚዘጋ ከሆነ ዓሣው ዕረፍት ላይ ነው። ትንፋሹ ከፈጠነ ግን በውሃው ውስጥ ኦክስጅን አንሷል፣ አለዚያም አሞኒያ ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል ውሃውን መመርመር ያስፈልጋል።

የቀለሙ ድንገተኛ መደብዘዝም ያስደነግጣል። ሁለት ዓሦች ለበላይነት ሲፋለሙ ብርቱካናማው ገላቸው ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ፍልሚያው ሲያበቃ ይመለሳል። ከገንዳው የሚሰማው “ቀጭ ቀጭ” የሚል ድምፅም የመስታወት መሰንጠቅ ሳይሆን የዓሣው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሲመገብ ይሰማል።

በቸልታ የማይታለፈው ሌላ ነው። ዓሣው ገላውን ከድንጋይ ጋር ደጋግሞ የሚፈትግ ከሆነ፣ በቆዳው ላይም ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጠብጣብ ከታየ፣ ‘ነጭ ነጥብ’ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ሳይዘው አልቀረም። በሽታው ወደ ሌሎቹ ዓሦች በፍጥነት ይዛመታል። ክላውን ሎች ቅርፊቱ እጅግ ደቃቅ፣ ለአንዳንድ መድኃኒቶችም ስስ በመሆኑ፣ ለሌሎች ዓሦች የተመጠነውን እንዳለ ገንዳው ውስጥ መጨመር አደጋ አለው።