ያውቁ ኖሯል? የቀጰዶቅያ ድንጋይና ከመሬት በታች ያለው ከተማ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ስሟ የተጠቀሰው ቀጰዶቅያ የምትገኘው በዛሬዋ ቱርክ መካከለኛ ክፍል ነው። ባርኔጣ የደፉ የሚመስሉት የድንጋይ ዓምዶቿ የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። እንደ ኤርጂየስ ያሉ ተራሮች የተፉት አመድ ተጠቅጥቆ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ። ዝናብና ነፋስ ሲሸረሽሩት ጠንካራ ድንጋይ ከላይ የከለለው ብቻ ቆሞ ቀረ።

ይህ ድንጋይ በቀላሉ ይፈለፈላል፤ አየር ሲያገኘው ደግሞ ይጠነክራል። ሰዎች ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የእርግብ ቤትም ሳይቀር ፈልፍለውበታል። የእርግቦቹ ኩስ ለእርሻ ማዳበሪያ ነበር።

የሚደንቀው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተገኘው የደሪንኩዩ ከተማ ወደ 85 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ጋጣ፣ የወይን መጭመቂያ፣ የውሃ ጉድጓድና የአየር ማስገቢያ አለው። ጠላት ሲመጣ መተላለፊያዎቹ በትልልቅ ክብ ድንጋዮች ከውስጥ ይዘጉ ነበር። 20,000 ሰው ይይዝ ነበር ይባላል፤ ጠባቡን መተላለፊያ ላየ ግን ቁጥሩን ማመን ይከብዳል።

ቅዳሴ ባስልዮስ በስሙ የሚጠራለት ቅዱስ ባስልዮስም የቀጰዶቅያ ሰው ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ የነበረባት ቂሣርያ ዛሬ ካይሰሪ ትባላለች።

ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ደሪንኩዩን ይተዉትና እዚያው ቀጰዶቅያ ውስጥ በጎሬሜ ያሉትን በሥዕል ያሸበረቁ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይጎብኙ።