የነፃ ሶፍትዌር ሥርዓተ ክወና የዓመቱ ቅድሚያ ትኩረት እንዴት ይወሰናል? የተጠቃሚው ድርሻስ ምንድን ነው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ይታወቃል። በዚህም ምክንያት ገና መሥራት የሚችሉ፣ ነገር ግን አዲሱን የዊንዶውስ ዕትም ለመጫን የሚጠየቀውን መስፈርት የማያሟሉ ኮምፒውተሮች ያሏቸው ግለሰቦች፣ ትምህርት ቤቶችና አነስተኛ ድርጅቶች ነፃ ሶፍትዌር የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ሥርዓተ ክወና) እንደ አማራጭ ሊመለከቱ ይችላሉ። ውሳኔ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ግን ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርባቸዋል። ሥርዓተ ክወናው በኮምፒውተራቸው ላይ ይሠራል ወይ? የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ መቼ ነው? አማርኛን በአግባቡ ያስተናግዳል ወይ?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚመነጨው ሥርዓተ ክወናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ለሥራቸው ካስቀመጡት ቅድሚያ ትኩረትና የጊዜ ሰሌዳ ነው። ይህ ጽሑፍ ዴቢያን የተባለውን ፕሮጀክት በምሳሌነት በመውሰድ ዕቅዱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ውሳኔው ተጠቃሚውን እንዴት እንደሚነካና ተገልጋዮች ድምፃቸው እንዲሰማ በየትኛው ወቅት ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያብራራል። የጽሑፉ ዓላማ አንድን ምርት ማስተዋወቅ ሳይሆን ተገልጋዮች በዕውቀት ላይ ተመሥርተው እንዲወስኑ ማገዝ ነው።

ዴቢያን ምንድን ነው?

ዴቢያን ነሐሴ 10 ቀን 1985 ዓ.ም. በኢያን መርዶክ የተመሠረተ የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ነው። "ነፃ" የሚለው ቃል ዋጋን ብቻ አያመለክትም። ማንኛውም ሰው ሶፍትዌሩን የመጠቀም፣ አሠራሩን የመመርመር፣ የማሻሻልና ለሌሎች የማከፋፈል መብት እንዳለው ያመለክታል። በስፋት የሚታወቀው ኡቡንቱ የተገነባው በዴቢያን ላይ ነው። ስለዚህ በዴቢያን ውስጥ የሚሰጥ ውሳኔ ስሙን ሰምተው የማያውቁ ተጠቃሚዎችንም ሊነካ ይችላል።

ፕሮጀክቱ የኩባንያ ንብረት አይደለም። በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ አንድ ሺህ የሚጠጉ አባል አልሚዎችና ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ ሌሎች በርካታ አስተዋፅኦ አድራጊዎች አሉት። አባላቱ በየዓመቱ የፕሮጀክት መሪ ይመርጣሉ። ሆኖም መሪው እንደ ሥራ አስኪያጅ ትዕዛዝ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው የፕሮጀክቱ ሕገ ደንብ ማንም አባል ለፕሮጀክቱ ሥራ የመሥራት ግዴታ እንደሌለበት ይደነግጋል። አንድ አባል የሌላውን ሥራ ማደናቀፍ ባይፈቀድለትም፣ "ይህን ሥራ" ተብሎ ሊገደድ አይችልም።

ትዕዛዝ በሌለበት ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

በኩባንያ ውስጥ የዓመቱ ዕቅድ ከአመራር ወደ ሠራተኛ ይወርዳል። በዴቢያን ግን ቅድሚያ ትኩረት የሚወሰነው በአራት መንገዶች ነው።

የመጀመሪያው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የዕትም ዝግጅት ቡድን የሚባለው አካል አዲስ ለውጥ የሚገታባቸውን ቀኖች አስቀድሞ ያሳውቃል። አዳዲስ ዕትሞች በአብዛኛው በሁለት ዓመት ገደማ ልዩነት ይወጣሉ፤ የመጨረሻው የመውጫ ቀን የሚቆረጠው ግን ሥራው መጠናቀቁ ሲረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው የጉድለቶች ክብደት ነው። የሚቀርቡ የብልሽት ሪፖርቶች እንደ ክብደታቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል። የተጠቃሚን መረጃ የሚያጠፋ ወይም ከባድ የደህንነት ቀዳዳ የሚከፍት ጉድለት የዕትሙን መውጣት ሊያዘገይ ይችላል። ጉድለቱ ያልተስተካከለለት ፕሮግራምም ከአዲሱ ዕትም ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው የሠሪ መኖር ነው። አንድ ሐሳብ የቱንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን የሚሠራው ሰው ካልተገኘ ወደ ዕትሙ አይገባም። በአንጻሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚፈልጉት ነገር ተከታታይ የሆነ አንድ ትጉህ ሠሪ ካለው ሊገባ ይችላል።

አራተኛው ድምፅ መስጠት ነው። አባላት በውይይት ሊግባቡ ያልቻሉበት መሠረታዊ ጉዳይ ለአጠቃላይ ድምፅ ይቀርባል።

ተጠቃሚውን የነኩ ሁለት ውሳኔዎች

የመጀመሪያው የገመድ አልባ ኢንተርኔትን ይመለከታል። በርካታ ላፕቶፖች የዋይፋይ ክፍላቸው እንዲሠራ ፈርምዌር የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። አብዛኞቹ የፈርምዌር ፕሮግራሞች ነፃ ሶፍትዌር ስላልሆኑ ዴቢያን በይፋዊ መጫኛው ውስጥ አያካትታቸውም ነበር። በዚህም ምክንያት አዲስ ተጠቃሚ ሥርዓተ ክወናውን ሊጭን ሲጀምር ዋይፋዩ አልሠራ ይለዋል፤ የጎደለውን ፋይል ለማምጣት ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። የኬብል ኢንተርኔት ወይም ሌላ ኮምፒውተር በአቅራቢያው ለሌለው ሰው ችግሩ መውጫ አልነበረውም።

ጉዳዩ በመርህና በተጠቃሚ ፍላጎት መካከል ምርጫ የሚጠይቅ በመሆኑ መስከረም 2015 ዓ.ም. ለአባላት ድምፅ ቀረበ። የፕሮጀክቱን መሠረታዊ ሰነድ የሚያሻሽል በመሆኑ ደጋፊዎቹ ከተቃዋሚዎቹ በሦስት እጥፍ እንዲበልጡ ይጠይቅ ነበር፤ ይህም ተገኘ። ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ይፋዊው መጫኛ አስፈላጊ ፈርምዌሮችን ይዞ ይመጣል። ይህን የማይፈልግ ተጠቃሚም እንዲያስቀራቸው አማራጭ ተሰጥቶታል።

ሁለተኛው ውሳኔ የኮምፒውተርን ጊዜ አቆጣጠር ይመለከታል። በርካታ ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመደመር ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት የሚቀመጥ ከሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ገደማ ማስቀመጫው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘገቡ ቀኖችም ይዛባሉ። ዛሬ የሚመዘገብ የረጅም ጊዜ ውል ወይም የብድር ማብቂያ ቀን ከዚያ ዕለት ሊያልፍ ስለሚችል ጉዳዩ ለነገ የሚተው አልነበረም። ስለሆነም ለዴቢያን 13 ከተያዙት ዐበይት ሥራዎች አንዱ ጊዜን ወደ 64 ቢት ማዛወር ሆነ። ይህም በእጅግ ብዙ የሶፍትዌር ጥቅሎች ላይ ተያያዥ ለውጥ ማድረግን ጠየቀ።

ከዚህ የማዛወር ሥራ ውጭ የተደረገው ለአሮጌዎቹ ባለ 32 ቢት የግል ኮምፒውተሮች የሚዘጋጀው ቅርንጫፍ ነው። ዋና አገልግሎቱ ቀድሞ የተሠሩ ፕሮግራሞችን ማስኬድ በመሆኑ ለውጡ እነዚያን ፕሮግራሞች ከአገልግሎት ውጭ ያደርጋቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የሚመለከታቸው ቡድኖች ለእነዚህ ኮምፒውተሮች የሚዘጋጀው መጫኛ ወደፊት እንደማይቀጥል አስታወቁ። ስለዚህ ዴቢያን 13 ባለ 32 ቢት ብቻ በሆነ የግል ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። ሥራውን የሚሸከም ሰው ቁጥር ሲመናመን ቅድሚያ ትኩረት የሚያጣ ተጠቃሚ እንደሚኖር ይህ ግልጽ ማሳያ ነው።

የጊዜ ሰሌዳው፦ የዴቢያን 13 ምሳሌ

ለውጥ የሚገታበት ወቅት በአልሚዎች ዘንድ "ፍሪዝ" ይባላል። በዴቢያን 13 ዝግጅት ወቅት የነበሩት ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ብዙ ጥቅሎችን በአንድ ጊዜ የሚነኩ ታላላቅ ለውጦች ቆሙ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ጥቅል መቀበል አበቃ፤ አነስተኛና የታለሙ ማስተካከያዎች ብቻ እንዲደረጉ ተጠየቀ።

ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ በቁልፍ ጥቅሎች ላይ የሚደረግ ማስተካከያ በዕትም ዝግጅት ቡድኑ ተመርምሮ እንዲገባ ተደረገ።

ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ምርመራው ሁሉንም ጥቅሎች እንዲያካትት ተደረገ።

ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ከ69,000 በላይ ጥቅሎችን የያዘው ዴቢያን 13 ይፋ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አንድ ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ ከጥያቄው ይዘት ያላነሰ ክብደት እንዳለው ነው። አንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፕሮግራም በዕትሙ ውስጥ እንዲካተት የፈለገ ሰው ጥያቄውን በግንቦት ወር ቢያቀርብ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ ቀጣዩን ዕትም ለመጠበቅም ይገደዳል። ከዓመት በፊት ቢያቀርብና አብሮ የሚሠራ ሰው ቢያገኝ ግን ጊዜ ይበቃዋል። ዕትሙ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚደረጉት ለውጦች በዋናነት የደህንነት ማሻሻያና የከባድ ጉድለቶች ማስተካከያ ናቸው።

አማርኛ በዕቅዱ ውስጥ

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በመካተቱ ፊደሉ በኮምፒውተር ላይ ዓለም አቀፍ መለያ አግኝቷል። የዴቢያን መጫኛም አማርኛን ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ይሁን እንጂ አማርኛ የሚገኘው በሥዕላዊው መጫኛ ብቻ ነው። በአማርኛ መጫን የሚፈልግ ተጠቃሚ ሥራውን ሲጀምር ሥዕላዊ መጫኛውን መምረጥ ይኖርበታል።

የትርጉም ሥራ በራሱ የሚቀጥል አይደለም። በእያንዳንዱ ዕትም አዳዲስ መልእክቶች ይጨመራሉ፤ ተርጓሚ ካልተገኘ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ። ከዕትም ወደ ዕትም የሚያልፍ ሰው ከሌለ ቀድሞ የተተረጎመውም ጊዜው ያልፍበታል። የአማርኛ ተጠቃሚዎች ብዛት ብቻውን አማርኛን የቅድሚያ ትኩረት አያደርገውም። የሚያደርገው ፍሪዙ ከመድረሱ በፊት የሚተረጉም፣ የሚሞክርና ስህተቱን በወቅቱ የሚያሳውቅ ሰው መገኘቱ ነው። ለዚህ ሥራ የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ አማርኛን በሚገባ ማወቅ፣ እንግሊዝኛን መረዳትና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ

ከመጫን በፊት፦ ኮምፒውተሩ ባለ 64 ቢት መሆኑን በቅንብሩ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ ከሚሰጠው መግለጫ ያረጋግጡ። አስፈላጊ ሰነዶችን በሌላ ማስቀመጫ ላይ ይገልብጡ። ሥርዓተ ክወናውን ከፍላሽ በማስነሳት ሳይጭኑ መሞከር ስለሚቻል ዋይፋይ፣ ማተሚያና የአማርኛ የፊደል ገበታ መሥራታቸውን አስቀድመው ይፈትሹ።

የድጋፍ ማብቂያን በተመለከተ፦ ለዴቢያን 12 የሚሰጠው ሙሉ ድጋፍ ማብቂያ ሰኔ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2020 ዓ.ም. ይዘልቃል። ለዴቢያን 13 ሙሉ ድጋፍ የሚሰጠው እስከ ነሐሴ 3 ቀን 2020 ዓ.ም.፣ የረጅም ጊዜው ደግሞ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2022 ዓ.ም. ነው። ድጋፉ ያበቃበትን ሥርዓት ይዞ መቀጠል አዲስ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ሳይደፈን እንዲቀር ያደርጋል። የደንበኞችን፣ የተማሪዎችን ወይም የታካሚዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት ይህን በተለይ ሊያጤኑት ይገባል።

ዕትም ሲቀይሩ፦ አንድን ዕትም ዘሎ ማሻሻል አይደገፍም። ዴቢያን 11 ያለው ተጠቃሚ በመጀመሪያ ወደ 12፣ ከዚያም ወደ 13 መሸጋገር አለበት። ባለ 32 ቢት ዴቢያን 12 ያለው ተጠቃሚ ግን ወደ 13 ለማሻሻል መሞከር የለበትም። የኮምፒውተሩ አንጎለ ኮምፒውተር 64 ቢትን የሚቀበል ከሆነ የ64 ቢቱን ዕትም እንደ አዲስ መጫን ይችላል።

ጉድለት ሲያጋጥም፦ ችግሩን ማሳወቅ ቅድሚያ ትኩረት ለማስገኘት ቀላሉ መንገድ ነው። ምን ሲያደርጉ እንደተፈጠረ፣ ምን እንደጠበቁና ምን እንዳዩ በቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ለዴቢያን የሚላኩ ሪፖርቶች ከላኪው የኢሜይል አድራሻ ጋር ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ የመታወቂያ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል ወይም የሌላ ሰው መረጃ የሚታይበት የስክሪን ምስል አብሮ መላክ አይገባም።

የአጠቃቀም መረጃን በተመለከተ፦ ዴቢያን ሲጫን የትኞቹ ጥቅሎች በሥራ ላይ እንዳሉ ለሚቆጥረው ዳሰሳ ፈቃደኛ መሆንዎን ይጠይቃል። መሳተፍ በፈቃድ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው ካልፈቀደ መረጃ አይላክም።

ተቋማትን በተመለከተ፦ ከ10 በላይ ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድር ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት አንዱን ለሙከራ ለይቶ ቀጣዩን ዕትም በፍሪዙ ወቅት ቢሞክር፣ ችግሩን ሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ከመድረሱ በፊት ያውቀዋል። ያኔ ያሳወቀው ጉድለት ዕትሙ ሳይወጣ የመስተካከል ዕድሉም ከፍ ያለ ነው።

በአጠቃላይ የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የዓመቱ ዕቅድ በአንድ ቢሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚታወጅ ሰነድ አይደለም። በታወቀ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ ቀድመው የተገኙ ሰዎች የሠሩት ሥራ ድምር ነው። ስለሆነም ተገልጋዮች የሚጠቀሙበትን ሥርዓት የድጋፍ ማብቂያ ቀን መዝግበው እንዲይዙ፣ ሽግግራቸውን ከዚያ ቀን ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድመው እንዲጀምሩና የሚገጥማቸውን ጉድለት በወቅቱ እንዲያሳውቁ ይመከራል።