ሥራ ፈት ኮምፒውተር ሥራ ሲያገኝ

ኮምፒውተር እንደ ጫማ በመልበስ ብዛት አያልቅም። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ፣ ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ባሰላበት ፍጥነት ዛሬም ያሰላል። የሚደክሙት ባትሪው፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክና አቧራ የጠጣው ማራገቢያ ናቸው፤ ሦስቱም ይቀየራሉ። «አርጅቷል» የሚያሰኘው ከዓመት ዓመት የሚጨመርበት ሸክም ነው፣ አንዳንዴም የአምራቹ ውሳኔ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ማሽኖች በይፋ አይቀበልም። በዚህ የተነሳ ምንም ያልጎደላቸው ላፕቶፖች ቁም ሳጥን ውስጥ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ የምለው፣ እነዚህ ማሽኖች ያቃታቸው ሁሉንም ሥራ ባንድ ጊዜ መሸከም ነው። አንድ ሥራ ብቻ ቢሰጣቸው ጉልበታቸው ይተርፋል።

ይህን የሚያስችለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ቃሉ እዚህ ላይ በአማርኛም ያደናግራል፤ «በነፃ» ስንል ያለ ክፍያ፣ «ነፃ» ስንል ደግሞ ያልታሰረ ማለታችን ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተሰኘውን የነፃ ሥርዓተ ክወና ፕሮጀክት ሲያውጅ የፈለገው ሁለተኛውን ነበር፦ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን እንዲያጠና፣ እንዲለውጠውና ለሌላው እንዲያካፍል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የሥርዓተ ክወና እምብርት የሆነውን ሊኑክስን ሲያወጣ ለግኑ የጎደለው ሞላ። ለአሮጌ ማሽን ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚጠቅመው መቀነስ መቻሉ ነው። ከሊኑክስ ቤተሰብ አንዱ የሆነው ዴቢያን፣ ምስልና መስኮት ሳይኖረው ጥቁር ስክሪን ላይ በጽሑፍ ብቻ እንዲሠራ ከተጫነ፣ ግማሽ ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። የማያስፈልገውን ሁሉ አውልቆ የተፈለገውን አንድ ፕሮግራም መተው፣ ማሽኑ ሲበራም በቀጥታ ወደዚያው እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ኮምፒውተርነቱ ይቀርና እንደ ራዲዮ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት የቤት ዕቃ ይሆናል።

ከሁሉም ደስ የሚለው ምሳሌ መስታወቱ ነው። ሚካኤል ቴው የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው «ማጂክ ሚረር» ዛሬ ብዙዎች በፈቃዳቸው የሚያዳብሩት ነፃ ሶፍትዌር ሆኗል። ብርሃንን በከፊል የሚያሳልፍና በከፊል የሚመልስ መስታወት ከስክሪን ፊት ይቆማል። ስክሪኑ ጥቁር በሆነበት ቦታ ሁሉ ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ስለሌለ የምናየው የራሳችንን ፊት ነው፤ ነጭ ፊደል በበራበት ቦታ ግን ጽሑፉ መስታወቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ፀጉሩን የሚያበጥር ሰው ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታና የዕለቱን ቀጠሮ ከግንባሩ በላይ ተንሳፍፈው ያነባቸዋል። ስክሪኑን ከላፕቶፕ ነቅሎ ለብቻው ለማሠራት የመቆጣጠሪያ ቦርድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ላፕቶፑን እንዳለ ዘርግቶ ከመስታወቱ ኋላ መስቀል ግን ቦርዱን ያስቀራል። ጨዋታ ነው ከተባለ፣ አዎ ጨዋታ ነው። ቢበላሽ ማንም የማያዝንለት ማሽን ግን ሰው ያለ ፍርሃት የሚፈታውና የሚገጥመው ብቸኛው ኮምፒውተር ነው፤ የቢሮውን ላፕቶፕ ማን ይነካካል?

ለአገራችን ቤት ግን እኔ የማስቀድመው ቤተ መጻሕፍቱን ነው። ኪዊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ጨምቀው ባንድ ፋይል የቋጠሩትን ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይችለዋል። ላፕቶፑ ዋይፋይ እንዲያሰራጭ ተደርጎ ሳሎን ጥግ ሲቀመጥ የቤቱ ሰው ሁሉ በየስልኩ ብራውዘር ገብቶ ያነባል፤ ዳታ አይቆጥርም፣ ኔትወርክ ቢቋረጥም አይነካውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ይረከባል፤ ለዴስክቶፕ ቢሆን ዩፒኤስ መግዛት ግድ ይል ነበር። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው፣ ብዙዎቹም አጫጭር። ለዚህ ላፕቶፑን መውቀስ አይቻልም።

«የቆጠበውን በኮረንቲ ይበላዋል» የሚለው ተቃውሞ በቁጥር ይመለሳል። ስክሪኑ የጠፋ ላፕቶፕ 20 ዋት ይወስዳል ብንል፣ ቀንና ሌሊት ሠርቶ በወር 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህን በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ የተሠራ ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ፣ ሥራ ሲበዛበት ፕሮሰሰሩ ብቻ 100 ዋት ገደማ ይስባልና ቀን ከሌሊት ማብራቱ አያዋጣም፤ እዚያ ላይ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር የወጣውና ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስደው ትንሹ ኮምፒውተር ራስፕቤሪ ፓይ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ለመስታወቱ እስማማለሁ። ነገር ግን ለእሱ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማከማቻና ባትሪ ለየብቻ ሊገዛ ነው፤ ላፕቶፕ ሁሉንም ባንድ ቆዳ ይዟል። አካባቢን ይታደጋል የሚለውን ሙግት ግን እኔ አላነሳም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ የአንድ ቤት ላፕቶፕ ይህን ያቃልላል ማለት ራስን ማሞኘት ነው። ነፃ ሶፍትዌርም ቢሆን ያረጀውን ሁሉ ለዘላለም አይሸከምም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ፕሮሰሰሮች መጫኛ አላዘጋጀም።

ለመሞከር የፈለገ ሰው ከሶፍትዌሩ በፊት ባትሪውን ይመልከት። የላፕቶፑ ሆድ አብጦ፣ ኪቦርዱ ወይም የመዳፊቱ ቦታ ወደ ላይ ተገፍቶ ከሆነ የሊቲየም ባትሪው ጋዝ ፈጥሯል ማለት ነው። አይበሳ፣ አይጫን፣ ቻርጅም አይደረግ፤ ባለሙያ ያውጣው። ብዙዎቹ ላፕቶፖች ያለ ባትሪም በቻርጀር ብቻ ይሠራሉ።